ሃያ ዘጠኝ ሰከንድ ከነሽንኩርቱ

ላንቻ፣ አዲስ አበባ
ሰኞ፣ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

በኩርፊያ አምሳያ ለሌለው ባለቤቴ ለፍሰሃ፤

ጤናህን የምጠይቅህ ከልቤ ነው። የቱንም ያህል ብናኮርፍ ጉልበትህን እንዲያምህ አልፈልግም። ስደውልልህ «ኔትወርክ የለም» ብለህ ትዘጋለህ፤ ኔትወርክ ከሌለ ይህንኑ እንዴት እንደምትነግረኝ እግዜር ይወቅ። ስለዚህ ዛሬ ወደ መቐለ ለሚሄደው ለካሳይ ይህን ወረቀት ሰጥቼዋለሁ። እህትህ ቤት ድረስ መጥቶ በእጅህ ያስረክብሃል። ወረቀት እንደ ስልክ አይዘጋም።

እኔና ልጃችን ሲምረት ደህና ነን። ከካዛንቺስ ከወጣን ወዲህ ላንቻን እየለመድነው ነው። ጎረቤቶቹ ደጎች ናቸው፤ ብቻ «ባለቤትሽ የት ሄደው ነው?» ማለት ያበዛሉ። «ለአንድ ሳምንት መቐለ ሄዷል» እላቸዋለሁ። ይኸው ሦስት ወር ሙሉ አንድ ሳምንት እያልኩ አለሁ።

አሁን ቁጭ በል። ሰማያዊዋን ፒካፕ የመኪና እሽቅድምድም ላይ አሰልፌያታለሁ። አትጩህ፣ እህትህ ትደነግጣለች። አንድም ጭረት አልነካትም።

ነገሩን ያመጣችው ሲምረት ናት። ማንኛውም መኪና መወዳደር ይችላል፣ አንደኛ ለወጣ አራት አዲስ ጎማ ይሰጣል የሚል ማስታወቂያ ስልኳ ላይ አሳየችኝ። የእኛ ጎማዎች ራሰ በራ ከሆኑ መቆየታቸውን ታውቃለህ። እውነቱን ልንገርህና፣ የሄድኩት ግን ለጎማ አልነበረም። በጥቅምቱ ሰርግ ምክንያት ነው የሄድኩት።

አንተም አልረሳኸውም፣ እኔም አልረሳሁትም። አርፍደን ደርሰን፣ ዘመዶችህ ሁሉ በቆሙበት «በዚህች መኪና ከምመጣ በእግሬ ብነሳ ቀድሜ ደርሼ ምሳዬን በልቼ ነበር» አልኩ። ሰው ሳቀ። ሰው ሲስቅልኝ ደግሞ አፌ ፍሬን የለውም፤ ደገምኩት። ሠለስኩትም መሰለኝ። አንተ ሳህንህን አስቀምጠህ ወጣህ፤ በሳምንቱ ሻንጣህን ይዘህ ሄድክ። ሲምረትን ከሆስፒታል ያመጣንባት፣ ትምህርት ቤት ያመላለስካት፣ እኔም እስከ ዛሬ ሽንኩርት እየነገድኩ የምኖርባት ያቺው ቀርፋፋ መኪና ናት። እሷን ስሰድብ ማንን እንደሰደብኩ የገባኝ ቤቱ ጸጥ ካለ በኋላ ነው።

ውድድሩ ትናንት እሁድ ነበር። ቦታው ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ያለ ሰፊ ግቢ ነው፤ መሃሉ ላይ አራት መቶ ሜትር ቀጥ ያለ አስፋልት ተነጥፎበታል። ሕጉ ለእኛ ተብሎ የወጣ ይመስላል። እያንዳንዱ ሰው አራት መቶውን ሜትር በስንት ሰከንድ እንደሚጨርስ አስቀድሞ ይጽፋል። ሁለት ሁለት ሆነው ይሰለፋሉ፤ ቀርፋፋው በልዩነቱ ያህል ቀድሞ ይነሳል። መጀመሪያ መስመሩን ያለፈ ያሸንፋል፤ ነገር ግን ከጻፈው ሰከንድ አሳንሶ ከገባ፣ ቢቀድምም ወደቀ። በቃ፣ ራሱን አሳምሮ የሚያውቅ ነው የሚያሸንፈው።

የእኛን ሰከንድ ደግሞ ማን ያጣዋል? የማዘጋጃ ቤት ቀያሽነትህ ጡረታ ወጥተህም አልለቀቀህም። መካኒኩ ሃይለአብ ጋራዥ ገብታ በወጣች ቁጥር፣ እሁድ ጠዋት ቄራ በሜትር የለካኸውን መንገድ እኔን ታስነዳኛለህ፣ አንተ ሰዓትህን ይዘህ ትቆጥራለህ። የፀሐይ መከላከያውን ሳወርደው በእርሳስ የጻፍከውን አገኘሁ፦ «400 ሜትር፤ 29 ሰከንድ፤ ለ. እና ፍ.»። ለተገብርኤልና ፍሰሃ! ሰውዬው በስልሳ ዓመቱ እንደ ጎረምሳ ስማችንን ጽፎልኛል ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። ፎርሙ ላይም ሃያ ዘጠኝ ብዬ ሞላሁ።

መዝጋቢዋ ልጅ «ማዘር፣ ጎንዎት የሚቀመጥ ሰው አለ? ሕጉ ይፈቅዳል» አለችኝ።

«ለጊዜው የለም» አልኳት።

አንድ ነገር ግን ነበረን፦ አንድ ኩንታል ሽንኩርት። ቅዳሜ ለቄራው ልኳንዳ ቤት ላደርስ ስሄድ ባለቤቱ ዘግቶ ስለጠበቀኝ ከነጭነቷ አድራ ከነጭነቷ ሄደች። ማይክ የያዘው ልጅ ገና ሲያየን «አሁን ደግሞ ከሙዚየም በቀጥታ...» ብሎ ጀመረ። ወርጄ ማይኩን ከእጁ ወሰድኩበት። «ስማ የኔ ልጅ፣ ይህችን መኪና የምሰድባት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም ትቻለሁ!» አልኩት። ሲምረት ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ያን ያህል ሰው ፊት ነው ያልኩት፣ ፍሰሃ። ከሰርጉ እድምተኛ ይበልጣል።

የመጀመሪያው ተጋጣሚዬ ባለ ቀይ መኪና ነበር። እኔ ተነስቼ ሁለተኛ ማርሽ ሳስገባ እሱ ገና ቆሞ ጋዙን እየረገጠ ይጮሃል። ወደ መጨረሻው ደረሰብኝ፣ ግን አላለፈኝም። የእኔ ሰከንድ ሃያ ዘጠኝ ከትንሽ! ሁለተኛው ደግሞ እኔን ለመያዝ ቸኩሎ ከጻፈው በላይ ፈጥኖ ራሱን ጣለ። እኔ ያው ሃያ ዘጠኝ ከትንሽ። መኪናዋን ሊያይልኝ አብሮን የመጣው ሃይለአብ «እትዬ ለተ፣ እርስዎ ሹፌር ሳይሆኑ ሰዓት ነዎት!» እያለ ይዘላል።

እናም ለፍጻሜ ደረስን። ተጋጣሚዬ ሄኒ የሚባል፣ መኪናው ጯሂ ራሱ ግን ጨዋ የሆነ ልጅ ነው። ታዲያ የቆመው ወጣት ሁሉ እያጨበጨበ «ሽንኩርት! ሽንኩርት!» ማለት ጀመረ። ለካ በፍቅር ነው የሚሉት፤ እኔ ግን አፈርኩ። ሰው ምን ይለኛል የሚለው አመሌ ተነሳብኝና «አውርዱልኝ ይህን ኩንታል!» አልኩ። ሃይለአብም «እንደውም ትቀልላለች፣ ወፍ ነው የምትሆነው!» ብሎ በትከሻው አወረደው።

እውነትም ወፍ ሆነች። እንደዚያ ስትሄድ በሕይወቴ አይቻት አላውቅም። መስመሩን ቀድሜ አለፍኩ፤ መሪውን በአንድ እጄ ይዤ ለራሴ እልል አልኩ። ዞሬ ስመለስ ሲምረት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭናለች። ሰሌዳው 28.1 ይላል። ፈጥኜ ወደቅሁ! በዚህች መኪና፣ ፈጥኜ!

ሃይለአብ «እኔ ሞተሩን አልነካሁም፣ በታቦት እምላለሁ» ይላል። ሲምረት ገብታ የፀሐይ መከላከያውን አነበበች። አንገቷን በመስኮት አውጥታ ጠየቀችኝ።

«እማ፣ ይሄ ሲለካ አባዬ መኪናው ውስጥ ነበር እንዴ?»

«ታዲያ የት ይሆናል? ጎኔ ነው የሚቀመጠው» አልኳት።

«አባዬ ስንት ኪሎ ነው?»

ሁላችንም ዞረን ኩንታሉን አየነው። ያ ሽንኩርት ለካ ጠዋቱን ሙሉ አንተን ተክቶ ሲሠራ ነው የዋለው! መቶ ኪሎ ነህ ማለቴ አይደለም፤ ዘጠና ስምንትም ልትሆን ትችላለህ። ሄኒ እንኳን እየሳቀ መጥቶ «ማዘር፣ ፋዘርን ይዘዋቸው ቢመጡ ኖሮ በልተውኝ ነበር» አለኝ።

ሽንኩርቱን መልሰን ጭነን ወደ ቤት ተመለስን። ሁሉም ስቋል፣ እኔም ስቄያለሁ። መስቀል አደባባይ ስንደርስ ግን እንባዬ መጣ። ሲምረት «እማ፣ ምን ሆነሽ ታለቅሻለሽ?» አለችኝ። «ሽንኩርቱ ነው» አልኳት። ኩንታሉ ከነስፌቱ ከኋላችን ተጭኖ ነበር። ልጅህ አስተዋይ ናት፣ መስኮቱን ከፈተችልኝ።

ሁለተኛ ለወጣ ሁለት ጎማ ይሰጣል። ሳሎን አስቀምጫቸዋለሁ፣ እንግዳ ሲመጣ ይቀመጥባቸዋል። ሃይለአብ ልግጠማቸው ቢለኝ እንቢ አልኩት። ጋራዥ ብትገባም፣ ጎማዋን ከአንተ ሌላ ሰው ሲፈታው ደስ አይልህም።

በሰርጉ ላይ ላልኩት ይቅርታ አድርግልኝ። ናፍቀኸኛል። ይህን በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ ኔትወርክ የለም አልከኝ።

እግዜር ጉልበትህን ያጽናልህ፤ ልብህን ግን ትንሽ ያላላልኝ። እህትህን ሳምልኝ።

ደግሞ ሳልረሳው፣ እሁድ መጋቢት 20 ሌላ ውድድር አለ። ትናንት ከዚያው ሳልወጣ ተመዝግቤያለሁ። መዝጋቢዋ ልጅ ሰከንዱን ያስተካክሉታል ብላ ስትጠብቅ እንደነበረው ተውኩት። ጎኔ የሚቀመጠው ሰው በሚለው መስመር ላይ ስምህን ጻፍኩ። ሽንኩርት ሰሞኑን ተወዷል፣ ፍሰሃ፤ እኔም የሞላሁት ሃያ ዘጠኝ ነው።

ያንተዋ
ለተገብርኤል