«ያንተ አልነበረም» ያለኝ ሰው

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላሂ። አንቺም ባልሽም እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ሲበርድ ያማታል፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ «ማን ነው አመመኝ ያለው?» ትላለች። እኔም ደህና ነኝ። ጽሕፈቴ ጠመም ጠመም ካለብሽ ጥፋቱ የጠረጴዛው ነው፤ አንዱ እግሩ አጥሯል። ዕድሜ ልኬን እግር ስሠራ ኖሬ የገዛ ጠረጴዛዬን እግር ማስተካከል አቃተኝ።

አስቀድሜ እውነቱን ልንገርሽ። ባለፈው ደውለሽ «አባ፣ አሁን የት ነው ያለው?» ብለሽ ስትጠይቂኝ መስመሩ የተቋረጠ መስሎሽ ነበር። አልተቋረጠም። እኔ ነኝ የዘጋሁት። ዐሥራ አንድ ቀን ኖሮ የሄደው ልጅሽ የት እንዳለ ከልጅነቴ ጀምሮ ተምሬዋለሁ፤ ለሌላ ሰው ቢሆን በአንድ ትንፋሽ እመልስ ነበር። ለአንቺ ሲሆን ግን አልሆነልኝም። ስለዚህ በወረቀት ልሞክረው።

በዚያ በሰው አገር ስላለችው ጎረቤትሽ፣ ስለ አሮጊቷ ያልሽኝም ከልቤ አልወጣም። ሾርባ ይዛልሽ መጥታ፣ «አልቅሺ፣ ግን አጥብቀሽ አትያዢው፤ የሚመጣ ሁሉ ይሄዳል» አለችኝ አልሽ። የቡድሃ እምነት ተከታይ ናት አልሽ። «እንዴት ትደፍረኛለች?» ብለሽ በሩን ከዘጋሽባት ሦስት ሳምንት ሆነሽ። እሷ ግን አሁንም ጠዋት ጠዋት በርሽ ላይ ቆም ትልና ትሄዳለች፤ አንቺም ከውስጥ ሆነሽ ኮቴዋን ትሰሚያለሽ። ልጄ፣ እኔም አንድ ጊዜ በር ዘግቻለሁ፤ ያንን ልነግርሽ ነው።

ጀሶን መቼም አትረሺውም። ትንሽ ሳለሽ ትከሻው ላይ ጭኖ በወርክሾፑ ያዞርሽ የነበረው፣ ራሱን የሚላጨው ሰውዬ። ሰው ሠራሽ እግር ስንሠራ እሱ ጀሶ እያቦካ የታካሚውን እግር ቅርጽ ይወስዳል፤ እኔ ቆዳውን ቆርጬ ማሰሪያውን እሰፋለሁ። በዚህ እሱ «ጀሶ» ተባለ፣ እኔ ደግሞ «ወስፌ»። ከሩቅ አገር ሙያ ሊያስተምረን ለስድስት ወር መጥቶ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ከረመ። ቋንቋችንን በጆሮው ነው የለቀመው፤ ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቷን «አንተ» ይል ነበር። ኃላፊያችን ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ፣ ድምፁ ግድግዳ የሚያንቀጠቅጥ ሰው ነበር፤ ጀሶ ሁለት ዓመት ሙሉ «አንቺ ኃላፊ፣ ጀሶ አልቋል» ሲለው ኖረ። ማናችንም አላረምነውም፤ በሦስተኛው ዓመት ራሱ ነቅቶ አስተካከለው።

በመስኮቱ በኩል፣ በጀሶው ከረጢቶችና በእኔ የቆዳ መደርደሪያ መካከል፣ አንድ መስገጃ የምትይዝ ቦታ ነበረች። ጠዋት ሥራ ሳንጀምር እሱ፣ እንደ ጎረቤትሽ የቡድሃ ተከታይ ነውና፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጥባታል። ቀትር ላይ እኔ እሰግድባታለሁ። ቀትር ሊሆን ሲል ግንባሬ በጀሶ እንዳይነካ ብሎ ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል። አንድ ቀን ረስቶት ግንባሬ እንደ ዱቄት ነጥቶ ተነሳሁ። አየኝና «ዛሬ ሶላትሽ ታየ» አለኝ።

ስለ ሃይማኖት መነጋገር የጀመርነው በታካሚዎቹ ምክንያት ነው። ጀሶው እግሩ ላይ እስኪደርቅ ሰው ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ አለበት፤ ያን ጊዜ ሐሳብ ይመጣበታል። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር «እኔ ምን በድዬ ነው?» አለን። «ፈተና ነው፣ ወንድሜ» አልኩት። «አላህ የሚወደውን ይፈትናል። እሾህ እንኳ ቢወጋህ ከወንጀልህ፣ ከኃጢአትህ ያራግፍልሃል።» ሹፌሩ ወደ ጀሶ ዞረ። «አንተስ ምን ትላለህ?»

ጀሶ መለሰለት። «እኛ ዘንድ ያለ ምክንያት የሚሆን የለም። ሰው የሠራው ይከተለዋል፤ በዚህ ሕይወት የሠራው፣ ካለፈውም የሠራው። የትኛው ከየትኛው እንደመጣ ግን እኔ አላውቅም። ባንተ ላይ መፍረድ አልችልም፤ እግርህን መለካት እችላለሁ።»

«ሁለታችሁም አላሳረፋችሁኝም» አለ ሹፌሩ፤ «በሉ እግሬን ሥሩልኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና እሱ ክርክሩን አልተውነውም። ተሠርቶ ያለቀ እግር አንስቼ «ይህ ራሱን ሠራ?» አልኩት አንድ ጊዜ።

«ኧረ አንተና እኔ ነን የሠራነው።»

«ዋናውን እግርስ ማን ሠራው?»

ጣቱ ላይ የደረቀውን ጀሶ እየፋቀ «ወንዝ የወሰደው ሰው ወንዙን ማን ቆፈረው ብሎ አይጠይቅም፤ መውጫውን ይፈልጋል» አለኝ።

«እኔ የቆፈረውን ጠርቼ ነው የምወጣው» አልኩት።

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ስለ ሞት ሲያስረዳኝ ደግሞ በሙያው ነበር። ከታካሚው እግር ላይ የተላቀቀውን ቅርጽ ያሳየኝና «አሁን አዲስ ጀሶ እዚህ ውስጥ እሞላለሁ፤ ቅርፊቱን ሰብሬ እጥለዋለሁ። የመጀመሪያው ጀሶ ወደ ሁለተኛው አልገባም። መልኩ ግን አልፏል። ሞቶ መወለድም እንደዚህ ነው» ይለኛል። እኔ ደግሞ «እኔ የምነሳው እኔው ሆኜ ነው፤ እስከ ጣት አሻራዬ» እለዋለሁ። «ስትነሳ እንግዲያው ወስፌህን እንዳትረሳ» ይለኛል። ደጉ ዘመን ነበር። ክርክሩ ገና ማናችንንም አላመመንም።

ስለ ወንድምሽ የምታውቂው ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ብቻ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሦስት ዓመት ከአራት ወሩ ነበር፣ አንቺ ገና መዳህ አልጀመርሽም። ሐሙስ ትኩሳት ያዘው፤ እሑድ ቀበርነው። ሼኹ መጥተው «አማና፣ አደራ ነበር፤ ባለቤቱ ወሰደው» ሲሉኝ አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ። በማግስቱ ጀሶ መጣና አጠገቤ ቁጭ አለ። ነገሩን የጫርኩት እኔ ነኝ። «አንተ ሁሉን የምታውቅ፣ ልጄ የት ነው?» አልኩት።

ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ወለሉን አየ። ቃል እየፈለገ እንደነበር አሁን ይገባኛል። ከዚያ «መጣ። ሄደ። ያንተ አልነበረም» አለኝ።

ተነስቼ በሩን አሳየሁት። ጫማውን በወጉ ሳያጠልቅ ወጣ።

ሰባት ወር አላናገርኩትም። ክንዳችን እየተነካካ በአንድ ጠረጴዛ እየሠራን መቀስ ሲያስፈልገኝ ሌላ ሰው እልክበት ነበር። ሶላቴንም ዕቃ ክፍል ሄጄ እሰግድ ጀመር። እሱ ግን ቀትር ሊሆን ሲል ያችን የመስኮት ሥር ቦታ መወልወሉን አልተወም። ማንም የማይሰግድባትን ወለል ሰባት ወር ሙሉ ወለወለ። ሳየው ይበልጥ እናደድ ነበር።

ከዚያ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ እናቷ አዝላት መጣች። የመጀመሪያ እግሯን ልንሠራላት ነው። ጀሶ ቅርጿን ወሰደ፣ እግሩ ተሠራ፣ ማሰሪያው ወደ እኔ ደረሰ። ቆዳውን ለካሁና ቆረጥኩት። መዳፌ ላይ ሳየው የወንድምሽን የጫማ ማሰሪያ አከለ። ወስፌውን ማንሳት አቃተኝ፤ ልጅቷ ደግሞ መደገፊያ ብረቶቹን ይዛ በአንድ እግሯ ቆማ ትጠብቃለች።

ጀሶ ማሰሪያውን ከእጄ ወሰደና መስፋት ጀመረ። ልጄ፣ ያን የመሰለ ስፌት በሕይወቴ አላየሁም። አንዱ ጥልፍ ሰሜን አንዱ ደቡብ። ጣቱን ሁለት ጊዜ ወጋ። ሲጨርስ በሁለት እጁ ይዞ አቀረበልኝ።

«ይሄን ለሕፃን ልታስር ነው?» አልኩት። ከሰባት ወር በኋላ የወጣኝ የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

«አንተ ካልሠራህ ምን ላድርግ?» አለ።

ተቀብዬ ፈታሁትና እንደገና ሰፋሁት። እንባዬ ቆዳው ላይ ይወርድ ነበር፤ እሱም እያየ ክሩን ያቀብለኝ ነበር። ልጅቷ ብረቱን ይዛ አምስት እርምጃ ሄደች፤ ዞራ እናቷን አየቻትና ስድስተኛውን ብረቱን ለቃ ተራመደች። ወጥተው ሲሄዱ ጀሶ «ያን ቀን ቋንቋ አጠረኝ። አጥብቀህ ስትይዘው እጅህ እንዳይቆስል ብዬ ነበር» አለኝ።

«ቋንቋ አላጠረህም፤ የምታምነውን ነው ያልከኝ» አልኩት። «ና፣ ቤት እንሂድ።»

እናትሽ በሩን ከፍታ ስታየው «አንተ ሰውዬ፣ ይኼ ቢያባርርህ እኔ መች አባረርኩህ?» አለችው። ከዚያ የወንድምሽን ነገር አንድ በአንድ ነገረችው፣ ምን ይበላ እንደነበር፣ ምን ብሎ ይኮላተፍ እንደነበር። ፊቷን እያየ አዳመጣት። እኔ እንኳ ያን ያህል አዳምጫት አላውቅም ነበር።

ብዙ ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ሼኹም ጀሶም «ያንተ አልነበረም» ነው ያሉኝ። ሼኹ የማን እንደሆነ ነገሩኝ። ጀሶ የማንም አይደለም አለኝ። ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም፤ እኔ ቆሜ የምሄደው በዚያ ልዩነት ነው። ባለቤት ያለው ነገር ይመለሳል ብዬ ነው የማምነው። ግን ከሁለቱ አንዱን አንገት በመድፋት፣ ሌላውን በር በማሳየት መመለሴ ስለ እምነት አልነበረም። የሚቆጡት ሰው ፈልጌ ነው። አላህን መቆጣት ፈራሁና ጀሶን ተቆጣሁ።

ጡረታ ወጥቶ አገሩ ከገባ በኋላ እንጻጻፍ ነበር። ባለፈው ጥር ጀሶ ማረፉን የእህቱ ልጅ ጻፈችልኝ። አልነገርኩሽም፤ አንቺ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበርሽ። ለሙስሊም ሟች የሚደረገውን ዱዓ ላደርግለት እጄን አንስቼ ቃሉ ጠፋኝ። ሼኹን ስጠይቃቸው «ጉዳዩን ለጌታው ተወው» አሉኝ። እኔም «ያ ረብ፣ አንተ ታውቀዋለህ» ብዬ እጄን አወረድኩ። ከዚያ በላይ ማለት ለእኔ አልተፈቀደም፤ ከዚያ በታች ማለት ደግሞ አልቻልኩም።

ለጥያቄሽ መልሴ ይኸው ነው። ልጅሽ ወንጀል የማያውቅ ሆኖ ጌታው ዘንድ ነው፤ በጀነት በር ላይ እጅሽን ሊይዝ ይጠብቅሻል። በዚህ አልጠራጠርም። አሮጊቷ እንዲህ አታምንም፤ አንቺም እንደ እሷ እንድታምኚ አልልሽም። ግን አገሩ ሁሉ ሲረሳሽ በርሽ ላይ የምትቆመው እሷ ናት። ክፈቺላት። «አንቺስ ማንን አጥተሽ ነው?» ብለሽ ጠይቂያት። ሾርባ ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ስለ ራሱ ሐዘን የሚጠይቀው ሲያጣ ነው።

አላህ ልብሽን ይጠግንልሽ። ባልሽንና አንቺን አይለያችሁ። እንቅልፍሽን ይመልስልሽ፣ የወጣሽበትን ያቅናልሽ፣ እኛንም ዓይንሽን ሳናይ አይውሰደን።

አባትሽ

እናትሽ አጠገቤ ቁጭ ብላ «ይህንን ጨምርበት» ትለኛለች። የሕፃኑን ስም አልነገርሽንም። ማለቱ ከብዶሽ እንደሆነ እናውቃለን፤ አንጨቀጭቅሽም። በየሶላቱ ስናነሳው «የልጃችን ልጅ» እያልን ነው። እሷ ግን በስሙ ልጠራው እፈልጋለሁ ትላለች። ስትችዪ፣ ሌላ ምንም ባትጽፊ፣ ስሙን ብቻ ጻፊልን።