ደህና ከሆኑ አንድን ይጫኑ

ለእትዬ፣

ከርመሽ እንዴት ነሽ? የፕኖም ፔን ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ደውዬ ያልነገርኩሽ የቤቱ ስልክ አንድ ስለሆነና ከእማዬ ጉያ ስለማይወጣ ነው። ይህንንም የሚኒባሱ ሾፌር ቬስና ይዞልሽ ይመጣል።

እትዬ፣ ተናድጃለሁ። መሥሪያ ቤታችሁ ለስኳር ሕመምተኞች በሚልከው ጥሪ ላይ ያንቺን ድምፅ የቀዳው ሰው ምን ነካው? እሑድ ጠዋት ስልኩ ሊጮህ ሲል እማዬ ፀጉሯን አበጥራ፣ ሽርጧን አስተካክላ ትጠብቅሻለች። «እግርዎ ላይ ቁስል ከሌለ አንድን፣ ካለ ሁለትን ይጫኑ» ትያለሽ። እሷ «የለም ልጄ፣ ሩዝ በላሽ ወይ?» ትልና አንድን ትጫናለች። የተቀዳ ነው፣ አትሰማሽም ስላት፣ «ሂጂ ወዲያ፣ የልጄን ድምፅ ልታስተምሪኝ ነው?» ትለኛለች።

የመንደሩን ሕመምተኞች እየዞረች የምትለካው አክስት ቻንቱ ባለፈው የእማዬን ስኳር ስታየው ደነገጠች። ለምን እውነቱን አትጫኚም ብላ ተቆጣቻት። እማዬ ምን ብትላት ጥሩ ነው? «ከከተማ ድረስ ደውላ የጠየቀችኝን ልጅ በጠዋቱ ላስለቅሳት?»

የሩዝ ማሳ ውስጥ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የእግሯን አውራ ጣት ከቆረጣት አራት እሑድ አልፏል። አራቱንም እሑድ አንድን ተጫነች። በዚህ ሙቀት ካልሲ አድርጋ ትተኛ ነበር። እኔም አጠገቧ እያደርኩ አላየሁም፤ ሽታው ነው የነገረኝ። በራሴም ተናድጃለሁ።

ሐኪሙ ጣቷ ማክሰኞ ይቆረጥ፣ ከዘገየ እግሯም ይቆረጣል ብሏል። እሷ ደግሞ «ታላቋ ሳትፈቅድ አልቆረጥም» አለች። እንግዲያው እንንገራት ስላት፣ «ለእሷማ ትንፍሽ እንዳትይ» አለችኝ። አንቺው ፍረጂ፣ ከዚህች ሴት ጋር ምን ይደረጋል?

ወረቀት ያወጣሁትም «ደህና ናት ብለሽ ጻፊላት» ብላ ስላዘዘችኝ ነው። አጠገቤ ተቀምጣ ቁልቁል ወረቀቱን ታያለች። ማንበብ እንደማትችል ታውቂያለሽ። አሁን «የጻፍሽውን አንብቢልኝ» አለችኝ።

«እማዬ ደህና ናት፣ እግሯም ደህና ነው» ብዬ አነበብኩላት።

ደስ ብሏት መረቀችሽ፤ ምርቃቷን እንዳለ ይኸው፦ ዕድሜሽ ይርዘም፣ መልክሽ ይመር፣ ደስታና ጉልበት አይለዩሽ።

ሰኞ ሳይመሽ ድረሺ።

ታናሽሽ