የጋሽ ሁሴኖ ድንጋይ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ዘሪሁን፤

እንደምን ከርመሃል? ሱቅ ውስጥ ሙሉ ቀን በመቆም የተጎዳው ወገብህ ተሻለህ ወይ? ምራታችን ኦብሴስ እንዴት ናት? ሮሐስ የወተት ጥርሷን ነቅላ ጨረሰች? እኔ በጣም ደህና ነኝ። እናታችንም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት፤ ጉልበቷም ቢሆን ዲክሲስ ላይ ብርድ ሲገባ የሚነሣባት የቆየ አመል ነው እንጂ የሚያሰጋ አይደለም። ደርባን ሙቀቱ አላስተኛ አለኝ ብለህ ነበር፤ እዚህ አሰላ ደግሞ ጠዋት ጠዋት የመኪና መስታወት ላይ ያደረው አመዳይ በጣት ይጻፍበታል። መለዋወጥ ቢቻል ኖሮ ሁለታችንም ባልተማረርን ነበር።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈሽ ትለኝ ይሆናል። መልሱን አንተው ታውቀዋለህ። የአባታችንን ነገር ባነሣሁ ቁጥር ኔትወርኩ ይቋረጥብሃል። ለኳስ ወሬ አንድ ሰዓት የሚቆይ ኔትወርክ «አባዬ» ስል ብቻ ምን እንደሚነካው እንጃ! ስለዚህ ይህን ወረቀት የሱቅ ባልደረባህ ኢርሻድ ወደዚያ ሲመለስ በእጅህ እንዲያደርስልህ ሰጥቼዋለሁ። ወረቀት አይቋረጥም። ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበው።

አባታችን ሌላ ሚስት አግብቶ አቦምሳ አልቀረም። ይህን አስቀድሜ ልንገርህና ከዚያ አመጣጡን ላስረዳህ። አባታችን ዘምቶ ነው የሞተው። መጋቢት 9 ቀን 1980 ዓ.ም፣ ሰሜን ግንባር።

ከአሥር ዓመት በላይ ስፈልገው እንደኖርኩ ታውቃለህ። «የሄደ ሰው ምን ያደርግልሻል» ትለኝ ነበር። እኔን ግን ያላስቀመጠኝ የእማዬ ንግግር ነው። «ሰው ሌላ ሚስት ሊያገባ ሲሄድ የእርሻ ልብሱን ለብሶ አይሄድም» ትላለች። እውነቷን ነው! የጠፋው ደግሞ የብሔራዊ ውትድርና አፈሳው በበረታበት በ1978 ነው። ስለዚህ ያልጻፍኩለት መሥሪያ ቤት የለም፤ ማመልከቻ መጻፍ እንደሁ እንጀራዬ ነው። መልሱ ግን ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ ገብረ መድህን ይበልጣል የሚባል ዘማች በመዝገብ አልተገኘም። እኔም ተስፋ ሳልቆርጥ ያችን አሰላ የተነሣትን ፎቶ አስተልቄ የጽሕፈት ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቀልኳት፤ ከሥሯም «ይህን ሰው የምታውቁ ንገሩኝ» ብዬ ጻፍኩ። ፍርድ ቤቱ አጠገቤ ነው፤ ጡረታም ሆነ መሬት የሚከራከር የድሮ ወታደር ሁሉ እኔ ዘንድ ሳይደርስ አያልፍም።

ኅዳር ላይ ሃምሳ አለቃ ወልደአማኑኤል የሚባሉ ሽማግሌ ከሲሬ መጥተው ማመልከቻ ጻፊልኝ አሉኝ። እኔ እየጻፍኩ እሳቸው ግድግዳውን ያያሉ። ድንገት ብድግ ብለው ወደ ፎቶው ተጠጉና «ይሄ የኛ ሁሴኖ አይደለም እንዴ?» አሉ። እኔም እንደ ልማዴ ችኩል ነኝና «ተሳስተዋል አባባ፤ ይሄ አባቴ ነው፤ ስሙም ገብረ መድህን ነው» አልኳቸው። እሳቸው ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። «ሁሴኖ ቦንሳ ነው፣ የዲክሲሱ። ከማሠልጠኛ ጀምሮ አንድ ሻምበል ውስጥ ነበርን። ሁሴኖ እየተባለ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው እንዴት ይጠፋኛል! ስንቱን ቀን ስቀንበታል፤ እሱም አብሮን ይስቅ ነበር» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የጻፍኩላቸው መስመር በሙሉ ስሕተት ነበር፤ በማግስቱ እንደገና ጻፍኩት።

ጋሽ ሁሴኖ ቦንሳን ላንተ አላስተዋውቅህም። በየዓመቱ ከራሳቸው ማሳ በፊት የእኛን የሚያርሱልን ጎረቤታችን ናቸው፤ አንተን በሕፃንነትህ ያጠቡህ የእማማ ከዲጃ ልጅ። ቅዳሜ ማለዳ ተሳፍሬ ዲክሲስ ወረድኩና ጓሯቸው ገብስ ሲያበጥሩ አገኘኋቸው። የሃምሳ አለቃውን ቃል እንዳለ ነገርኳቸው። ላይዳውን አስቀመጡ፣ ወደ ቤት ገቡና በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ይዘው ወጡ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይህን ቀን ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀውም ስሸሸውም ኖርኩ» አሉኝ። ወረቀቱ መርዶ ነው፤ ወታደር ሁሴኖ ቦንሳ በጦር ሜዳ ወድቋል ይላል። የሞተው ሰውዬ ፊት ለፊቴ ቆሞ ያለቅሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የዘማቾችን ዝርዝር ሲያወጣ የጋሽ ሁሴኖ ስም ወጣ። አባታቸው ሞተዋል፤ እማማ ከዲጃ ዓይናቸው ጠፍቷል፤ ከእሳቸው ሌላ ልጅ የላቸውም። አንተ ስትወለድ እማዬ ታማ ጡቷ ሲደርቅ፣ እማማ ከዲጃ ሕፃን ልጃቸው በሞተባቸው ሰሞን ነበር አንስተው ያጠቡህ። አባታችን ይህን አልረሳም። «የኔን ልጅ ያጠባች እናት ያለ ምርኩዝ አትቀርም። እኔ ልሂድልህ፤ አንተ ሁለቱንም ቤት እረስ» አላቸው። «ሁሴኖ ቦንሳ» ተብሎ ሲጠራ «አቤት» ብሎ መኪናው ላይ የወጣው እሱ ነው። ሊቀመንበሩ ዓይኑ እያየ ዝም አለ፤ ኮታው ይሙላለት እንጂ የማን ራስ እንደሆነ ግድ አልነበረውም።

ለእናታችን ከሳምንት በኋላ እንዲነግሯት አደራ ብሏቸው ነበር። ጋሽ ሁሴኖ ፈሩ። እማዬን ታውቃታለህ፤ ብትሰማ ሊቀመንበሩ ደጅ ቆማ አገር ይያዝልኝ ትል ነበር፤ ያኔ ሁለቱም ወኅኒ ይወርዱ ነበር። ስለዚህ «እህል ሊነግድ ነው መሰል፣ ወደ አቦምሳ ሲወርድ አይቼዋለሁ» አሉ። ያቺ ውሸት ናት አድጋ ተመንድጋ ለአባታችን ሚስት ያጋባችው! በ1980 መርዶው ሲመጣም ሊቀመንበሩ ለብቻቸው ጠርቶ «እንካ፣ የራስህን መርዶ» ብሎ ሰጣቸው። መንግሥት ከተለወጠ በኋላስ ብላቸው፣ «ፍርሃቱ ሲሄድ እፍረቱ መጣ። አንድ ዓመት የዘገየ መርዶ እንዴት ይነገራል ስል ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ አሥር ሆነ» አሉኝ።

አልዋሽህም፣ ተናድጄ ያቀረቡልኝን ሳልቀምስ ነው የወጣሁት። እስከ አሰላ ድረስ በልቤ ስሳደብ ነበር። አንተ በየጠላ ቤቱ ደጃፍ «የአቦምሳው ልጅ» ባሉህ ቁጥር ስትደባደብ፣ ደም በደም ሆነህ ስትመጣ፣ ቁስልህን አብረው ያጥቡ የነበሩት እኮ እሳቸው ናቸው! ሳምንት ካለፈ በኋላ ግን ሌላው ነገር ታየኝ። ሲያርሱልን የኖሩት ስለራሩልን ይመስለን ነበር፤ ሰውየው ለካ የተሰጣቸውን አደራ ግማሹን ሲፈጽሙ ኖረዋል። ግማሹን።

መርዶ እንደ ወጉ ማለዳ ነው የሚነገረው፤ ይህን ያህል ዘግይቶም ማለዳውን አላሳለፍነውም። የታኅሣሥ የመጨረሻው እሑድ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሰፈሩ አንጋፋ ኦቦ ጉቱ ሽማግሌዎቹን ይዘው፣ ጋሽ ሁሴኖ አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው እኛ ደጅ ቆሙ። ለእናታችን የነገርኳት እኔ ነኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳታቋርጠኝ ሰማችኝና «ቀኑን ድገሚልኝ» አለች። ደገምኩላት። ቀና ብላ ጋሽ ሁሴኖን አየቻቸውና «እኔ በሬ መች ለመንኩህ? መርዶዬን ነው የነሳኸኝ» አለቻቸው። ከዚያ ሁላችንንም እዚያው ትታን ወደ ቤት ገባች። ስትወጣ ጥቁር ነጠላ ለብሳ ነው። መቼ ገዛሽው ብላት «ሃያ ዓመት ሆነው፤ ያለ መርዶ ከል አይለበስም ብዬ ሣጥን ሥር አስቀምጬው ነው» አለችኝ። ለቅሶው ያኔ ተጀመረ። እኔም አለቀስኩ፤ ፊቱን የማላስታውሰውን ሰው ከፎቶ አውጥቼ አለቀስኩት።

እንባው ጋብ ሲል ሽማግሌዎቹ ይቅር በይው፣ ድንጋዩን ያውርድ አሏት። «ይቅር ብዬዋለሁ። ድንጋዩን ግን እኔ ግቢ አያወርድም። ገብሬ መቃብር የለውም፤ ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያን ያድርስለት» አለች። ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ወንድም ጋሼ፤ ዳገቱንም ታውቀዋለህ። ኦቦ ጉቱ ላግዝህ ቢሏቸው እምቢ አሉ። ቅጽሩ በር ላይ ደርሰው ሲቆሙ ካህኑ ግባ አሏቸው፤ ጫማቸውን አውልቀው ገቡና ከአያታችን ከይበልጣል መቃብር አጠገብ፣ ቀስ አድርገው፣ የተኛ ሰው እንዳይነቃ የሚጠነቀቁ ይመስል አወረዱት።

ፍትሐቱ መጋቢት 9 ይደረጋል፤ ዕለቱ ጾም ስለሆነ ተዝካሩን ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ቀጥረነዋል። ለሙስሊም እንግዶቻችን በሬውን የሚያርዱት ጋሽ ሁሴኖ ናቸው። አንተም ትመጣለህ። ሥራ በዛብኝ እንዳትለኝ፤ ሱቁን ኢርሻድ ይጠብቅልሃል፣ ተነጋግረናል። ድንጋዩ ላይ «ገብረ መድህን ይበልጣል» ተብሎ ተቀርጿል። ከሥሩ የልጆቹ ስም ይገባል፤ እማዬ ግን «ዘሪሁን በአፉ እሺ ሳይል ስሙ አይቀረጽም» ብላ ጠራቢውን አስቁማዋለች። በፓስፖርትህ ላይ አባታችንን ዘልለህ በአያታችን ስም መጠራትህን ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ፤ አልወቅስህም። በሰማኸው ነገር ነው የፈረድክበት፤ እኔም ባንተ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። አሁን ግን እውነቱን ሰምተሃል። አባዬ በሰው ስም ሞቶ የራሱን ስም እቤት ትቶልን ነው የሄደው፤ የምንሸከመው እኛ ነን።

እናታችን «ዓይኑን ሳላይ አትውሰደኝ» እያልኩ ፈጣሪን እለምናለሁ በይልኝ ብላለች፤ ግንባርህን ስማ ትመርቅሃለች። ኦቦ ጉቱ ሰላም ብለውሃል። ጋሽ ሁሴኖ ለዘሪሁን ሰላምታ የምልክበት አፍ የለኝም አሉኝ፤ እኔ ግን የጡት ወንድምህ ናቸውና ሰላምታቸውን ሳልጠይቃቸው ልኬልሃለሁ። ኦብሴን በጣም ናፍቄሻለሁ በልልኝ፤ ለተዝካሩ ሳትይዛት እንዳትመጣ። ሮሐን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። ትምህርት ቤት ሙሉ ስሟን ሲጠይቋት እንዴት እንደምትመልስ ደግሞ ዛሬውኑ አስተምራት፦ ሮሐ ዘሪሁን ገብረ መድህን።

እህትህ
ራሄል ገብረ መድህን
አሰላ፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም