በቅርስነት ስለተመዘገበው ቀዳዳ

ለክቡር ሚስተር ሎርን ፔቲግሩ
የኪልዶን ወደብ ከተማ የቅርስ ጥበቃ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ኬፕ ብሬተን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ኮሚቴዎን ጤንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ይልቁንም የባሕሩ ነፋስ መስኮት በሚያንኳኳበት በዚህ ወቅት በደረቅ አልጋ፣ በማያፈስ ጣሪያ ሥር እንደሚያድሩ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔና ወንድሜ ሮሪ ደህና ነን። ሮሪ ያስለዋል እንጂ ደህና ነው።

እንደሚያውቁት በሰሜኑ መንገድ ዳር ያለውን የድንጋይ ቤት የሠራው የአያታችን አያት ነው፤ ከስኮትላንድ፣ ከባራ ደሴት በመርከብ መጥቶ፣ ከእርሻው ላይ ድንጋይ እየለቀመ። እኔና ሮሪ እዚያው ተወልደን እዚያው አርጅተናል። ኮሚቴዎ ይህን ቤት በታሪካዊ ቅርስነት መዝግቦ በራችን አጠገብ የነሐስ ሰሌዳ ስለሰቀለልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እስከዚያ ቀን ድረስ የምንኖረው ቤት ውስጥ ይመስለን ነበር።

ውድ ጊዜዎን ላለማባከን ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ሰሌዳው። ሠራተኞችዎ ሰሌዳውን ለመስቀል በመሰርሰሪያ ሲበሱት፣ የስንት ዘመን ማዕበል ያልበገረው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ሰሌዳው ላይ ግድግዳውን መንካት በሕግ እንደሚያስቀጣ ስለተጻፈ ስንጥቁን አልደፈንነውም። ነፋሱ ግን ማንበብ ስለማይችል በዚያው በኩል ይገባል።

2ኛ. ስለ ጣሪያው። ባለፈው መኸር ከሮሪ አልጋ በላይ ያለው የእንጨት ክዳን በስብሶ ማፍሰስ ጀመረ። ሮሪ ዕድሜውን ሙሉ ዓሣ አጥማጅ ነበርና ከውኃ ጋር ጠብ የለውም፤ የሚወደው ግን ከታች ሲሆን ነው። ለጥገና ፈቃድ ብንጠይቅ ኮሚቴዎ ሚስ ኬልሲ የተባለች እጅግ ጨዋ መርማሪ ላከልን። እሷም ቀዳዳውን አንጋጣ ካየች በኋላ «ከጥንት ጀምሮ የነበረ ከሆነ የቤቱ አካል ስለሆነ መድፈን አይቻልም፤ በቅርቡ ለመከፈቱ ምስክር አለዎት?» ብላ ሮሪን ጠየቀችው። ሮሪም «ትራሴ አለልሽ፣ ልጄ፤ ጭመቂውና ይናገራል» አላት። ልጅቱ ሳቀች። ኮሚቴዎ ግን አልሳቀም፤ ባለሙያ መጥቶ የቀዳዳውን ዕድሜ እስኪወስን ድረስ ቀዳዳው ባለበት ተጠብቆ እንዲቆይ አዘዘን።

3ኛ. ስለ ሰማያዊ ቀለም። ሮሪ የጀልባውን ሸራ ጣሪያው ላይ ቢያለብስ፣ ሰማያዊ ሸራ እንደ አያታችን አያት ባሉት ሰፋሪዎች ዘመን ስላልነበረ በአስቸኳይ እንዲነሳ ተጻፈልን። ዝናብ በሰፋሪዎቹ ዘመን እንደነበረ ኮሚቴው ስላልካደ በግሌ አመሰግናለሁ። ሸራው ወረደ፤ ሮሪ ከምድጃው አጠገብ ወንበር ላይ ማደር ጀመረ፤ ሳሉም ወደ ደረቱ ወረደ። ሐኪሙ ጀርባውን አዳምጦ ሲያበቃ «ወይ ጣሪያውን ጠግኑ፣ ወይ ቤቱን ልቀቁ» አለን።

ቤት መልቀቅ ምን እንደሚያመጣ እኛ እዚህ እናውቃለን። ከወሽመጡ ማዶ ያለውን የጊሊሶችን ቤትም ኮሚቴዎ ጠብቆት ነበር። ሰዎቹ በወጡ ማግስት ጣሪያው ተደረመሰ፣ ግድግዳውም ተከተለው፤ ዛሬ ሣሩ መሐል በብረት ዘንግ ላይ ቆሞ የቀረው ሰሌዳው ብቻ ነው። ሠራተኞችዎ በየጊዜው እየሄዱ እንደሚወለውሉት አይቻለሁ፤ በእውነት ያበራል።

ሮሪ ከሐኪሙ ዘንድ እንደተመለስን ሸሚዞቹን ሻንጣ ውስጥ ከተተና በሩ ላይ ተቀመጠ። «በዚህ በር ተሸክመውኝ እወጣለሁ ብዬ ነበር የማስበው፤ ሻንጣ ተሸክሜ እወጣለሁ አላልኩም» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ሕግ አክባሪነቴ ያበቃው እዚያ ላይ ነው። ስልኩን አንስቼ ለጎረቤት ሁሉ ደወልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት መሰላል ያለው መሰላሉን፣ መዶሻ ያለው መዶሻውን ይዞ መጣ። የጥድ እንጨት አባቶቻችን ይፈልጡት እንደነበረው ፈልጠው ክዳኑን አለበሱት። ከፍታ የሚፈራው አንገስ ቢተን መሬት ላይ ሆኖ ቫዮሊን መታ፤ የዓሣ ሾርባና የአጃ ቂጣ ተበላ፤ ሳይመሽም ሥራው አለቀ። እሑድ ዶፍ ወረደ። ሮሪ ከክፍሉ ጠራኝና ብሄድ፣ አልጋው ላይ ተጋድሞ ጣሪያውን ያያል። «ኤፊ፣ ስሚው እስቲ» አለኝ፤ «ውጭ ነው የሚዘንበው።»

4ኛ፣ የመጨረሻውም፣ ምክር ልጠይቅዎ ነው። ከኮሚቴዎ በአንድ ቀን ሁለት ደብዳቤ ደረሰን። አንዱ የረዱንን ጎረቤቶች ጭምር በስም ዘርዝሮ ከከሰሰን በኋላ፣ ያለ ፈቃድ ጣሪያ ስለለወጥን ቤቱን ወደ ቀድሞ ይዞታው እንድንመልስ፣ ማለትም ቀዳዳውን እንድንከፍት ያዛል። ሁለተኛው የአዲሱን ጣሪያ ፎቶግራፍ አያይዞ፣ ቤታችን በኮሚቴው ብርቱ ጥረት የዓመቱ ምርጥ ቅርስ ተብሎ መመረጡን ያበሥራል። የትኛውን እንታዘዝ? መክፈት ግድ ከሆነ፣ ቀዳዳው ከቦታው እንዳይስት አንድ የኮሚቴ አባል በሮሪ አልጋ ላይ ተኝቶ ጠብታው ግንባሩን ሲመታው እንዲጠቁመን በትሕትና እለምናለሁ። ብርድ ልብስ ከእኛ ነው።

ስለ ትዕግሥትዎ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ለኮሚቴዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለምንኖርባቸው ቅርሶች ደግሞ ከኮሚቴዎ የረዘመ ዕድሜን እመኛለሁ።

ታዛዥ ለመሆን የሞከረች አገልጋይዎ፣
ኤፊ ማክስዊን

ማስታወሻ፦ በክሱ ላይ ከተዘረዘሩት ጎረቤቶች መካከል የእናትዎ የወይዘሮ ዶሊና ስም በመዘለሉ እጅግ ቅር ብሏቸዋል፤ ቀኑን ሙሉ መሰላሉ ሥር ቆመው ሚስማር ሲያቀብሉ የዋሉት እሳቸው ናቸው። እርስዎ ለምን እንዳልመጡ ሰው ቢጠይቃቸው «ሎርን ከልጅነቱም ሰው ሲሠራ ቆሞ ማየት ነው የሚወደው» ብለው መልሰዋል። የእሳቸውም ማድ ቤት ማፍሰስ ስለጀመረ፣ እርስዎ እሑድ ለምሳ ወደ እሳቸው ሲሄዱ መሰላል ይዘው እንዲሄዱ፣ ለኮሚቴው ግን ትንፍሽ እንዳይሉ አደራ ብለዋል።