የኮንጋው ኩሬ ውኃ

እሑድ፣ ኅዳር ፲፩ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.፣ ዲላ

ዛሬ ጣሊያኖቹ ሊዋኙ ኮንጋ ጫካ ወረዱ። እኔና አብራኝ የምታበስለው ብርቄም ምግባቸውን ይዘን ተከተልን። ወጥ ቤታቸው ከገባሁ ወዲህ እምቢ ማለት የሚባል ነገር የለም።

የወሰዱን ወንዙ ከፏፏቴው ሥር ተጠራቅሞ ኩሬ የሠራበት ቦታ ነው። ሌላ ኩሬ የጠፋ ይመስል! ባለፈው ሳምንት ወንድሜን አርበኛ ነህ ብለው ፏፏቴው አፋፍ ላይ ረሽነው የጣሉት እዚያ ነው። አስከሬኑን ያወጣው ሰው የለም። የአገሩ ሴቶች ከዚያ ውኃ መቅዳት ትተዋል። እህቱ መሆኔን ጣሊያኖቹ አያውቁም፤ ቢያውቁ ቤቴ ያሉትን ልጆቹንም አይምሩም። ለዚህ ነው ለቅሶ እንኳ ያልተቀመጥኩት።

ምግቡን ሳቀርብ ብርቄ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

"እትዬ፣ ነጠላዎን ያስተካክሉ! የሐዘን ለብሰዋል" አለችኝ በሹክሹክታ።

ለካ ጥለቱን ወደ አንገቴ አድርጌ ዘቅዝቄ ለብሼዋለሁ። እጄ ራሱ ነው ያደረገው። ቶሎ ገለበጥኩት። አብሯቸው የመጣው አስተርጓሚ ግን አይቶኛል። ያገራችን ሰው ነው፤ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

በቅርቡ የመጣው ሻምበል እየሳቀ ከውኃው ወጣ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ውኃ በሕይወቱ አይቶ እንደማያውቅ በአስተርጓሚው በኩል ተናገረ። ከኩሬው ኮዳውን ሞልቶ ዘረጋልኝ።

አስተርጓሚው ዓይን ዓይኔን እያየ "ጠጪ ይልሻል" አለኝ።

ወደኋላ ብል አለቀልን። ጠጣሁ።

"እንዴት ነው ይልሻል።"

ጥሩ ነው አልኩ።