የዙፋን ቀይ ቀሚስ

ባንቴ፣

ከሥራ እስክትመለስ ልጠብቅህ ብዬ ነበር፤ ወደ ባሱንዳ የሚወስደኝ ሎሪ ሊነሳ ነው።

የእህትህን የዙፋንን ሥዕል ግድግዳው ላይ ሰቅየዋለሁ። ለሙት ዓመቷ ይደርሳል። የቀረው የቀሚሷ ቀይ ብቻ ነው፤ እኔ ልጨርሰው አልቻልኩም፣ አንተ ጨርሰው።

ላፍካው ብለህ ነጭ እንዳትጨምርበት፤ ነጭ ቀይን ያገረጣዋል። ሥሩ የቀባሁት ቢጫ በደንብ ሲደርቅ፣ ንጹሑን ቀይ በስሱ ደርብበት። ያኔ ከውስጥ ይበራል። ብሩሹን አስቀድመህ እጠበው፤ አረንጓዴ ከቀረበት ጭቃ ይሆንብሃል።

የተልባ ዘይቱ በጠርሙሱ አለ። ሰሊጥ እንዳትቀላቅል።

የፊተኛው ሥዕል አልደርቅ ብሎ የአጨዳ አቧራ የበላው፣ አንተ በሩን ከፍተህ ስለተውከው አይደለም። ተልባው ሲያልቅብኝ የወጥ መሥሪያውን የሰሊጥ ዘይት የጨመርኩበት እኔ ነኝ። ያን ቀን አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ስናገርህ አውቀው ነበር።

ኸላስ፣ በቃ፣ ይኸው ነገርኩህ።

የፊተኛውን ሥዕል ስታይ፣ ፎቶ ሳይኖራት የቀሚሷን ቀይ እንዴት እንዲህ አወቅኸው ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ገዳሪፍ ገበያ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ የገዛሁላት እኔ ነኝ። ለጥምቀት ሽማግሌ ልልክባችሁ ነበር፤ ወባው ቀደመኝ።

ስንቀብራት አንተን ሰው ሁሉ «እግዜር ያጥናህ» አለህ። እኔን፣ ጉድጓዱን ስለቆፈርኩ፣ «እጅህ ይባረክ» አሉኝ።

ያረጋል