ኳሷ ናት የቸኮለችው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ከባድ ዜና ስላለኝ መጀመሪያ ቁጭ በይ። ለአርባ ዓመት ያህል ፊቴን በታማኝነት ሲያገለግል የኖረው ሪዜ፣ ባለፈው ሐሙስ በደረሰበት ድንገተኛ የመቀስ አደጋ ከዚህ ዓለም ተለይቷል። አደጋውን ያደረሰችው ልጅሽ ናት። በግራ በኩል አሳጠረችው፤ እሱን ለማስተካከል በቀኝ አሳጠረችው፤ መልሳ ወደ ግራ ዞረች፤ ኸላስ፣ በመጨረሻ የሚስተካከል ነገር አልተረፈም። ሥርዓተ ቀብሩ በመታጠቢያ ቤታችን ተፈጽሟል። ለቅሶ መድረስ ለሚፈልግ በራችን ክፍት ነው።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበይ። እንዴት ነሽ ልጄ? ወገብሽን ተሻለሽ? የቆጵሮስ አየር ተስማማሽ? ማዳምሽስ አሁንም የጠረግሽውን መስታወት በጣቷ እየነካች ትፈትሻለች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሰፈራችን ሺያህም እንደምታውቂያት ናት፤ መብራቱ ይሄዳል፣ ጄኔሬተሩ ያጓራል፣ ያቺ ሰው አልባ አውሮፕላን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከላያችን ጥዝ ትላለች። ለምደናታል ብልሽ አታምኚኝም።

ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ልጅሽ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው። የምለውን ሁሉ ትሰማለች፤ ድምፄን ደግሞ ካንቺ በላይ ታውቀዋለች። ጎረቤታችን ፋጡ ማዳሟን ተከትላ ወደ እናንተ እንደምትመጣ ስሰማ ደብዳቤ እንድትይዝልኝ ለመንኳት። ፊደሌ ተልቆ የሱቅ ማስታወቂያ ቢመስልሽ አትሳቂ፤ ወረቀቱን በነፃ ስላገኘሁት አልሰሰትኩም።

ጉዳዩ የልጅሽ የማርያማዊት ቴኒስ ነው። እኔ በር በምጠብቅበት ክለብ፣ አሰልጣኙ ሰላሁዲን ሜዳው ባዶ ሲሆን ያለ ክፍያ እንደሚያሠለጥናት ታውቂያለሽ። ያልነገርንሽ፣ ከተራራው ላይ ካለ አንድ ትምህርት ቤት ሰዎች መጥተው ሊያዩዋት እንደነበረ ነው። ጨዋታዋን ከወደዱት ያስተምሯታል፣ እዚያው ያሳድሯታል፣ የመኖሪያ ፈቃዷንም እነሱ ይጨርሱላታል። አንቺና እኔ ከተወለደች ጀምሮ ደጅ የጠናንለትን ፈቃድ ማለቴ ነው። ስለዚህ ነገሩ የጨዋታ አልነበረም።

መጀመሪያ ችግሯ እግሯ ነበር። ክንዷስ ያንቺ ነው፤ ምንጣፍ ስታራግፊ ያየሽ ሰው ይመሰክራል። እግሯ ግን እንግድነት እንደሄደ ሰው ያፍር ነበር። ሰላሁዲን ሪትም፣ ሪትም እያለ ጉሮሮው ደረቀ። እኔ የቴኒስ ነገር ባላውቅም በጎልማሳነቴ ማኅሌት ቆሜ ሸብሽቤያለሁ። እዚያም ቢሆን የቸኮለ የጎረቤቱን እግር ይረግጣል፣ የዘገየ ደግሞ ይረገጣል። እናም መቋሚያዬን ይዤ ከአጥሩ ኋላ ቆምኩ። ወዲያ ማዶ ያለው ኳሷን ሲመታ ሲሚንቶውን ጧ አደርገዋለሁ፤ እሷ ያኔ ትንሽ ዘለል ብላ እግሮቿን ከፍታ ታርፋለች፤ ከዚያ በኋላ ወዴትም መሮጥ ይቀላታል። ኳሷ መሬት ስትነካ ሁለተኛ ጧ፤ ያኔ ራኬቷን ትለቃለች። ሰላሁዲን፣ ጂዶ ቤተክርስቲያን መሰለህ እንዴ ብሎ ሳቀብኝ። ጂዶ ማለት አያቴ ማለቱ ነው፤ እኔስ እንዲህ ያለ ራሰ በራ የልጅ ልጅ የለኝም። በኋላ ግን መቋሚያዬን ረስቼ የመጣሁ ዕለት፣ ዱላህ የታለ ብሎ የተቆጣኝ እሱ ራሱ ነበር።

እግሯ ተፈታ። ብታያት፣ በዓል የዋለች ነበር የምትመስልሽ።

ከፋሲካ በኋላ ግን መዘግየት ጀመረች። ኳሷ ደርሳ እሷ ገና ትዘላለች፤ ኳሷ አልፋ እሷ ገና ትመታለች። ሰላሁዲን እንቅልፍ አጥታ ነው አለ። እኔ ጫማዋ ነው አልኩ፤ ሳብራ ገበያ ድረስ ሄደን ሌላ ጫማ ገዛን። ከዚያ ያቺን ከላይ ጥዝ የምትለዋን ወቀስናት፤ እሷ ምን አፍ አላት፣ ዝም ብላ ዞረች። በመጨረሻ ልጅቱን ራሷን ተቆጣኋት። ሐሳብሽ የት ነው ያለው ብዬ ጮኽኩባት። አንገቷን ደፍታ፣ እሺ አባባ፣ ነገ ይሻለኛል አለችኝ።

የትምህርት ቤቱ ሰዎች ሊያዩዋት ጥቂት ቀን ሲቀራቸው፣ ሻይ ላፈላ ከሜዳው ግድግዳ ጀርባ ወዳለችው የዘበኛ ክፍሌ ገባሁ። እነሱ መጫወታቸውን አላቆሙም። ውኃው እስኪፈላ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። ኳስ፣ እግር፣ ኳስ፣ እግር። ጫማዋ ሲሚንቶው ላይ ሲጥጥ ይላል፣ ወዲያው ራኬቷ ይመልሳል። አንዱ ከአንዱ አይጋፋም፤ ወረብ ሲሞቅ እንደሚሆነው። ልቤ በደስታ ዘለለና ሻዩን ትቼ ወጣሁ። መቋሚያዬን አንስቼ ጧ ማድረግ ስጀምር፣ ልጄ ሙች፣ እዚያው መዘግየቷ ተመለሰ።

አባትሽ ነገር እንደማይለቅ ታውቂያለሽ። ሆን ብዬ ይበልጥ ዘገየሁ፤ ይበልጥ ዘገየች። አንዴ ጭራሽ ተውኩት፤ እግሯን ተክላ ቆመችና ኳሷ አጠገቧ አለፈች።

ወደ ቤት ስንመለስ ቫኑ ውስጥ ጠየቅኋት። ለካ እኔ ነኝ የምዘገየው አልኳት። ሽማግሌ አያትሽ ጧውን እንደሚያዘገይ እያወቅሽ ለምን ትጠብቂኛለሽ አልኳት። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣ አባባ፣ አንተ አልዘገየህም፤ ኳሷ ናት የቸኮለችው አለችኝ።

ይህን የተማረችው ከማን እንደሆነ አትጠይቂኝ። እስክንወርድ ድረስ ግን ቀልድ አልመጣልኝም። ያን ሁሉ ጊዜ አያቴ እንዳያፍር ብላ ስትሸነፍ ኖራለች። አሁን ደግሞ አያቴ እንዳያፍር ብላ ትምህርት ቤቱ ሊያመልጣት ነው።

ቅዳሜ ሰዎቹ መጡ። መቋሚያዬን ቤት ረሳሁት አልኳት፤ ሮጬ ላምጣልህ አለች፤ ቁልፉንም ረስቻለሁ አልኩ። ኪሴ ውስጥ እንዳይንሿሿ በመዳፌ ይዤው ነበር። ሰላሁዲን ወንበር ሰጠኝና ከአጥሩ ኋላ ተቀመጥኩ። ከትምህርት ቤቱ የመጣችው ሴትዮ ደህና ሴት ናት፤ ቦንዡር ብላ እጄን ጨበጠችኝ። የሌሎቹ ልጆች እናቶች በተርታ ተቀምጠው ስለ ሐበሻይቱ ልጅ ይንሾካሾካሉ። አረብኛ የማላውቅ መስሏቸው ነው፤ እኔም አላሳፈርኳቸውም።

ጨዋታው ተጀመረ። አንዱ ኳስ አለፋት። ሌላውም አለፋት። እግሯ ተሰፍቶ ቀርቷል። ሰላሁዲን ጆሮዬ ስር መጥቶ፣ ያላ ጂዶ፣ ምን ነካት፣ በየመሐሉ ወዳንተ ነው የምታየው አለኝ። በእግሬ መሬቱን መርገጥ አማረኝ፤ እግሬን ከወንበሩ ስር ቆለፍኩት። ማጨብጨብ አማረኝ፤ እጄን ተቀመጥኩበት። እዚያ ልጅቱ ሁሉን ነገሯን እያጣች እኔ እዚህ በራሴ እጅ ላይ ተቀምጫለሁ።

ከዚያ ተነሣሁና ወንበሬን አዞርኩት። ጀርባዬን ለሜዳው፣ ፊቴን ለመኪና ማቆሚያው ሰጥቼ ተቀመጥኩ። እናቶቹ ሳቁ። ሰላሁዲን አበድክ እንዴ አለኝ። እኔ ግን አንድ የቆመ መኪና እንደ ትልቅ ቁም ነገር ትክ ብዬ አየሁ። ከኋላዬ ማርያማዊት ስትስቅ ሰማሁ፤ ያቺ በአፍንጫዋ የምትስቃት ሳቅ፣ ያንቺው። ቀጥሎ ኳስ። እግር። ኳስ። እግር። እስኪያልቅ አልዞርኩም።

ተቀብለዋታል፣ ልጄ።

ጭንቀቴ ግን ያኔ አላለቀም፤ ቦታ ብቻ ቀየረ። ትምህርት ቤቱ ያንቺን ቃል ይፈልጋል። እሁድ በማዳምሽ ስልክ ይደውሉልሻል። ልጅሽ ደግሞ፣ አያቴን ትቼ አልሄድም፣ እማዬም እንቢ ትበል ብላ ልትለምንሽ ተዘጋጅታለች። እስከዛሬ ቴኒስ እወዳለሁ ትል የነበረችው ልጅ፣ ከቅዳሜ ወዲህ ቴኒስ ሰለቸኝ እያለች ነው። አትመኛት። ራኬቷን እንደ ሕፃን አቅፋ ነው የምትተኛው። ለእኔ አታስቢ። እኔ ምን እሆናለሁ? ሩዝ መቀቀል እችላለሁ። ጎረቤቶቼ ደጎች ናቸው። እሁድ እሁድ ብቻዬን ዶራ ደርሼ፣ ሰው አግኝቼ፣ በርበሬዬን ገዝቼ በቫን እመለሳለሁ። ጭራሽ እሷ ስትሄድ ቴሌቪዥኑ የእኔ ይሆናል።

እንግዲህ የሰው አገር እንጀራሽን እግዚአብሔር ይባርክልሽ። ወገብሽን ያጽናልሽ። ማዳምሽን ልቧን ያራራልሽ፤ ካልራራም ጣቷን ያሳርፍልሽ። ድንግል ማርያም ሦስታችንን በአንድ ማዕድ ዳር ለመቀመጥ ታብቃን።

አባትሽ

ፋጡ እየጠበቀችኝ ስለሆነ ይህችን ከታች ልጨምርና ልዝጋ። በውሸት እንድትወስኚ አልፈልግም። ከጻፍኩልሽ ውስጥ አንዲት ነገር ፈጠራ ናት፤ ብቻዬን ዶራ ደርሼ መመለሴ። ዓይኔ ከደከመ ወዲህ መንገዱን እጄን ይዛ የምታሻግረኝ፣ የቫኑንም ቁጥር የምታነብልኝ እሷ ናት። አሁን እውነቱን ይዘሻል። እሁድ ሲደውሉልሽ ግን እባክሽ እሺ በያቸው።